ስለ እህቴ አፍንጫና ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም

ለሥጋ ጥራትና ጤና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች በሙሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ሆድዎን አይቁረጥዎ፣ ትኩሳት አይንካዎ፣ የዋሉበት ወንበር ይመችዎ። ይህን የምለው ለወጉ ብቻ አይደለም። በእኛ ከተማ በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ጤና ጣቢያው በር ላይ ስለተደረደሩ፣ ከአሥራ ሁለቱም አንዱ ወደ ቤቱ ስላልተመለሰ፣ ጤና ምን ያህል የሚመኙት ነገር እንደሆነ ሰሞኑን በደንብ ገብቶናል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ ስለተቀመጠች፣ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው የተሰቀለ ሥጋ ነው። በግልጽ የምጽፍልዎትም ለዝና ብዬ ሳይሆን፣ አሽጌ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ጥሩ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ስለተነገረኝ፣ ሦስተኛ ልኬ እንዳልቀሰቅሳቸው በመስጋት ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ ያሳተመውን፣ የገጠር ሸማቾች ስለ ሥጋ ጥራትና ስለ ጤና ያላቸውን አመለካከት የሚተነትነውን ባለ አርባ ሁለት ገጽ ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሸማቹ ሥጋ የሚመርጠው «በሽታ፣ በቀለምና በመዳሰስ» እንደሆነና ይህም ኋላ ቀር ልማድ መሆኑ ተጽፏል። መጀመሪያ ሳነበው ሕመሙን የጠቀሱልን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደግሜ ሳነበው ግን ማሽተትን ማለትዎ እንደሆነ ተረዳሁ። በመላው ሪፖርት ውስጥ ሕመማችን የተነሳው በዚህ የፊደል መመሳሰል ብቻ ስለሆነ፣ ለፊደሎቹ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ሌላውን ምስጋናዬን ደግሞ እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አጥኚዎችዎን ልከው ስላስጠየቁን አመሰግናለሁ። ሁለት ወጣቶች መጥተው እኔ በረንዳ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ታላቅ እህቴን ጠየቋት። ታላቅ እህቴን የከተማው ሰው «እትዬ መርማሪ» ይላታል፤ ሰባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ድግስ ያለበት፣ በሽተኛ ያለበት፣ አራስ ያለበት ሁሉ ሥጋ ሲገዛ እሷን ይዞ ነበር የሚሄደው። መጀመሪያ «በእግሩ ነው የመጣው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ታሞ በጋሪ የመጣ ከብት ከሆነ እዚያው ፊቷን ታዞራለች። ቀጥላ በአውራ ጣቷ ሥጋውን ጫን ታደርግና ጉድጓዱ ተመልሶ እስኪሞላ ትጠብቃለች፤ ስቡን ታያለች፤ በመጨረሻ አጥንቱ ከሥጋው የሚገናኝበት ቦታ ላይ አፍንጫዋን ታስጠጋለች። ዝንብ ያልቀረበውንም ሥጋ አትገዛም፤ ዝንብ የፈራውን እኔ ምን አጀገነኝ ትላለች።

አጥኚዋ «እማማ፣ ለእርስዎ የሥጋ ጥራት ማለት ምን ማለት ነው?» ስትላት፣ እህቴ «ማታ በልቼው ጠዋት የምነሳበት ሥጋ ነዋ» ብላ መለሰች። ልጅቷ ከተሰጧት አምስት ምርጫዎች ውስጥ ይህን ስላጣችው «መልስ የላትም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እውነቱን ለመናገር እኛም ብዙ ስሕተት አለብን፤ ፍሪጅ የገባ ሥጋ ሁለት ጊዜ እንደሞተ የምናምን ሰዎች ነን፤ ስብ የበዛበትን ሰው ጤነኛ፣ የቀጠነውን ሁሉ በሽተኛ እናደርጋለን። እነዚህን ቢያርሙልን እጅ እንነሳ ነበር። እርስዎ ግን ከያዝነው ሁሉ መርጠው ያረሙት ትክክል የሆነውን ነው።

ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሰጡን ሥልጠና አመሰግናለሁ። ውሃና ብስኩት ታድሎናል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ሥጋ አስቀምጠው፣ «ከእናንተ መካከል ሥጋ አውቃለሁ የሚል ይውጣ» ብለው ሲጠሩ፣ ሕዝቡ እህቴን እየገፋ አወጣት። ሁለቱንም ጫን አደረገች፣ ሁለቱንም አሸተተች። «ይሄኛው ደህና ነው፤ ያኛው ግን አድሯል፣ ለድመትም አልሰጠው» አለች። እርስዎም ደህና አይደለም ያለችውን ገልብጠው ሰማያዊውን ማኅተም አሳዩንና፣ «እማማ፣ አፍንጫዎ ላቦራቶሪ ነው እንዴ?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክቡር ሆይ፣ እኔም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ ብስኩቴን እየበላሁ ስቄያለሁ። ይህን የምጽፈው ለእርስዎ አይደለም፤ እህቴ ሳትልኪው በፊት አንብቢልኝ ስላለችኝ፣ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ እንዳልዘለው በጽሑፍ ይዤው እንድገኝ ነው። ከዚያም ሁላችንንም አስነስተው «ማኅተሙን እይ፣ አፍንጫህን ተው!» ሦስት ጊዜ አስባሉን። እህቴ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቀን በኋላም ሥጋ ቤት ገብታ ስታሸት አላየኋትም።

ሾፌርዎ ከሳምንት በኋላ አዝራር ሊያስተክል መጥቶ ሲያወጋኝ፣ ያ ማኅተም ያለበት ሥጋ ባለፈው ቀን ሌላ ከተማ ላይ ለተሰጠው ሥልጠና ያገለገለ እንደነበርና በመኪናው ኋላ ፀሐይ ላይ ውሎ አድሮ እንደመጣ ነገረኝ። ለቁጠባዎ ያለኝን አድናቆት በዚሁ አጋጣሚ እገልጻለሁ።

ሦስተኛ፣ እህቴን ፎቶ ስላነሷት አመሰግናለሁ። በዕድሜዋ ሦስት ፎቶ ብቻ ነበራት፤ አራተኛውን እርስዎ ሰጧት። ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብላ ስታሸት ተነስታ፣ በፊቷ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተደርጎባት፣ ከሥሩ «እንዲህ አታድርጉ» ተብሎ፣ በጤና ጣቢያው፣ በሥጋ ቤቱ በርና በገበያው ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች። መርፌ ውስጥ ክር ላስገባ ቀና ስል የምትታየኝ እሷ ናት።

አራተኛ፣ ማኅተሙን በቅርብ እንድናውቀው ስላደረጉን አመሰግናለሁ። ተቆጣጣሪዎ ድሮ በየጠዋቱ በሞተር ሳይክል እየመጣ የሚታረደውን ከብት ከነነፍሱ አይቶ፣ ከታረደም በኋላ ሳንባና ጉበቱን ገልጦ ነበር የሚያትመው። ሞተር ሳይክሉ ከተበላሸና መለዋወጫ ተጠይቆለት መልስ ከጠፋ ወዲህ ግን የሚመጣው ሰኞ ሰኞ ብቻ ሲሆን፣ በቀሩት ቀናት ማኅተሙ የሚያድረው በሥጋ ሻጩ መሳቢያ ውስጥ ከቢላ መሳያው አጠገብ ነው። ሰውየው በጥድፊያ አንዳንዴ ገልብጦ ይመታዋል። አንድ ቀን ደግሞ ስቶ የገዛ ሽርጡን አተመው፤ ሽርጡም ለሰው ምግብነት ብቁ ሆኖ ሲያገለግል ዋለ። ሳቅሁ እንጂ ለማንም አልነገርኩም፤ ማኅተሙን የተዋችሁለት አንድ የምታውቁት ነገር ቢኖር ነው ብዬ ነበር። ሠልጥኜ የለ!

አምስተኛውን ምስጋናዬን ትንሽ አስረዝመዋለሁና ይታገሱኝ።

የእህቴ ባል አናጢ ነበር። እርስዎ ቆመው ያስተማሩበት አዳራሽ ውስጥ ያሉትን አግዳሚዎች የሠራው እሱ ነው። ሆዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ቁስሉ እየጠገገ፣ ግቢው ውስጥ በከዘራ ዘወር ዘወር ማለት ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ደሙ እንዳነሰና ጉበት ቢበላ መልካም እንደሆነ ነገረው። ጋሼ አናጢ ጉበት ከልጅነቱ ጀምሮ አይወድም፤ ነገር ግን ቶሎ ድኖ ያንጠለጠለውን የጎረቤት በር ሊጨርስ ስለፈለገ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እውጠዋለሁ አለ።

እህቴ ረቡዕ ቀን ሥጋ ቤት ሄደች። እኔ በዚያ ሰዓት ለትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ልኬት ልወስድ ሄጄ ነበር፤ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ሥጋ ሻጩ ጉበቱን ከመንጠልጠያው አውርዶ ሰጣት። ለሚዛን ሳትመልስለት በፊት እጇ ራሱ ወደ አፍንጫዋ ወሰደው። የረጋ ውሃ ዓይነት ሽታ ከሥሩ ሽው አላት። «በእግሩ ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀች።

«እትዬ፣ ማኅተሙ አይታይሽም?» አላት ሥጋ ሻጩ ወደ በሩ ፎቶ እየጠቆመ። «ወይስ ዛሬም ልታስቂን ነው?»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሳቀ። እህቴ ጉበቱን ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው።

ቤቷ ወስዳ አጠበችው፤ የጫማ ሶል እስኪመስል ቀቀለችው። ጋሼ አናጢ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው በላው፤ እሷ መረቁን ብቻ ቀመሰች። ቀኑ ሳይመሽ ማስመለስ ጀመረው። በማግስቱ ተሸክመን ጤና ጣቢያ ስናደርሰው አልጋዎቹ ሁሉ ከዚያው ከብት በበሉ ሰዎች ተይዘው አገኘናቸው። የተሰፋው ሆዱ ማስመለሱን አልቻለውም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እህቴ እጁን ይዛ ስታለቅስ፣ «ጉበቱ ጥሩ ነበር፤ አንቺ አትጨነቂ» አላት። ጉበት ጥሩ ነው ሲል በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ የመጀመሪያው ነበር፤ የመጨረሻውም ሆነ።

የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ በኋላ እንደነገረን፣ ያቺ ላም ማክሰኞ ከሰዓት በጋሪ ተጭና፣ አራት እግሯን ወደ ሰማይ አድርጋ ነበር ወደ ማረጃው የገባችው። አራጁ የደከመው ቢላ ሲስል ብቻ ነው፤ ላሟን መጣል አላስፈለገውም።

ስድስተኛ፣ በአምስተኛው ቀን በሁለት መኪና ደርሰው ላደረጉልን ምርመራ አመሰግናለሁ። የተረፈውን ሥጋ ቀድመው አስቀብረውት ስለነበር የሚመረመር ነገር አልተገኘም፤ ስለዚህ ባለሙያዎ እህቴን መረመረ። ለቀስተኛ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «ሲገዙት ሽታው ተሰምቶዎት ነበር?» አላት።

«አዎ» አለች።

«እያወቁ ታዲያ ለምን ገዙት?»

ይህን ጥያቄ እህቴ ከሰውየው አፍ ከመውጣቱ በፊት ራሷን ስትጠይቅ ሰንብታለች። ቃሏን የጻፈበትን ወረቀት አቀረበላት፤ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስፈረማት። ሪፖርትዎ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሸማቿ የሽታ ለውጥ መኖሩን እያወቀች ሥጋውን የገዛች ሲሆን፣ በቤት ውስጥም የአበሳሰል ጉድለት ተፈጽሟል።» የጤና ጣቢያው ሐኪም አንዳንድ መርዝ ቢቀቅሉትም እንደማይሄድ ጽፎ ሰጥቶን ነበር፤ ያ ወረቀት በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ አላገኘም፣ ምናልባት ፎቶዎቹ በዝተው ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ካልገባኝ ይቅር ይበሉኝ። ገጽ ዘጠኝ ላይ እህቴ ኋላ ቀር የሆነችው አፍንጫዋን ስለሰማች ነው። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ጥፋተኛ የሆነችው አፍንጫዋን ስላልሰማች ነው። በእነዚህ ሁለት ገጾች መካከል ሃያ አንድ ገጽ አለ፤ አንድ ሬሳም አለ። የቱ ጋ ቆማ ብትሆን ኖሮ ትክክል ትሆን እንደነበር በሚቀጥለው ሥልጠና እንዲያስረዱን እለምናለሁ፤ ብስኩቱ ይቅርብን።

ሰባተኛ፣ ለማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። ሥጋ ቤቱ ዘጠኝ ቀን ተዘግቶ፣ በሩ ቀለም ተቀብቶ፣ አዲስ ማኅተም ይዞ ተከፈተ። እህቴ ከቤት አትወጣም ነበር። አንድ ቀን፣ ልጇ ወልዳ የተኛችባት ጎረቤታችን የገዛችውን ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችና፣ «እባክሽ እትዬ፣ አንዴ እዪልኝ» አለቻት። እህቴ «እኔ ባሌን የገደልኩ ሴት ነኝ፤ ሂጂ» አለቻት። ሴትየዋ አልሄደችም። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ «አራስ ናት፣ ሌላ የምጠይቀው የለኝም» እያለች ታለቅስ ጀመር። እህቴ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ጋዜጣውን ገለጠች፣ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፣ ጎንበስ አለች።

«መልሺው» አለች።

ሴትየዋ ይዛው ተመለሰች። ሥጋ ሻጩ ማኅተሙን እያሳየ ሲጮህባት እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። «እትዬ መርማሪ መልሺው ብላኛለች» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ተሰልፈው ከነበሩት ሴቶች አንዷ የያዘችውን መልሳ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች፤ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ቀጥሎ ሁሉም። ማንም አልሳቀም። ሥጋ ሻጩ ያን ቀን የሠራው ነገር ቢኖር፣ ቀኑን ሙሉ እኔ ላይ ማፍጠጥ ነው።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤዎ ደረሰ። ለሞተር ሳይክሉ መለዋወጫ ሰባት ወር ያልበቃው ጽሕፈት ቤትዎ ለዚህኛው አራት ቀን ብቻ ስለበቃው፣ ሲፈልግ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አይተን ተደንቀናል። ደብዳቤው እህቴ «ያለ ሙያ ፈቃድ የሥጋ ምርመራ በማካሄድ» ላይ እንደምትገኝና ከድርጊቷ ካልታቀበች በሕግ እንደምትጠየቅ ይገልጻል። አነበብኩላት። «ፈቃዱ የት ነው የሚሰጠው?» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ታጥባ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ መታወቂያዋን በመሐረብ ቋጥራ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄደች። ጸሐፊዎ እንዲህ ያለ ቅጽ እንደሌለ ነገረቻት። «እስኪዘጋጅ እጠብቃለሁ» ብላ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። እነሆ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች፤ ጠዋት በር ሲከፈት ትገባለች፣ ሲዘጋ ትወጣለች። ሥጋ የገዙ ሴቶች እቤቷ ሲያጧት ተከትለዋት መጡ። አሁን በገበያ ቀን ሰልፉ ከእርስዎ ቢሮ በር ተነስቶ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ድረስ ይደርሳል። ጥበቃው እንዳያባርራቸው፣ የመጀመሪያውን ተራ የያዘችው የገዛ ሚስቱ ናት። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ከተመሠረተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቡ የሚያምነው የሥጋ ምርመራ በግቢው ውስጥ እየተካሄደ ስለሆነ፣ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

የምጠይቅዎት ጥቂት ነው። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ያለው ያ ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ። ፎቶዋ ከየግድግዳው ይውረድ። ከዚያም እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው፣ ስምንት እርምጃ ብቻ ነው፣ ለክቼዋለሁ፣ ከፊቷ ቆመው «ባልሽን የገደልሽው አንቺ አይደለሽም» ይበሏት። እኛ ብለናታል፤ አላመነችንም። ማኅተም ያለው ሰው ቢነግራት ትሰማ ይሆናል ብዬ ነው፤ እንዲያ አድርገው አስተምረዋታልና።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ በእርስዎ ቁጥጥር ሥር ያለነው ሁሉ ደግሞ በሕይወት ቆይተን ለሚቀጥለው ጥናትዎ መጠይቅ እንድንሞላ የምመኝ፣

ምንጊዜም አክባሪዎ፣
ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ባለፈው ቅዳሜ ቀሚስ ሊያሰፉ መጥተው ነበር። ወገባቸውን ስለካ የወሬ ወሬ አንስተን፣ ለቤት የሚሆን ሥጋ ከየት እንደሚገዙ ጠየቅኋቸው። «የትም ይገዛ» አሉኝ እየሳቁ፣ «ብቻ እኔ አሽትቼ ደህና ነው ካላልኩት እሱ አንድ ጉርሻ አይቀምስም።» እባክዎ እንዳይቆጧቸው፤ ጥሩ ሴት ናቸው፣ ቀሚሳቸውም ለማክሰኞ ይደርሳል። የሙያ ፈቃድ ግን ያላቸው አይመስለኝም።